ነገርን ከሥሩ፦ ታሪክን በራሱ ለመመርመር ለሚነሣ ተማሪ

በአገራችን የፖለቲካ ክርክር ታሪክን ያህል ሸክም የተጫነበት ነገር ያለ አይመስለኝም። ድንበር ሲነሣ ታሪክ ይጠራል፤ ባንዲራ ሲነሣ ታሪክ ይጠራል፤ የመሬት ነገር ሲነሣማ ሁሉም የየራሱን ንጉሥና የየራሱን በደል ይዞ ይሰለፋል። በዚህ ሁሉ ሙግት መካከል ግን «ይህን የምትለውን ከየት አገኘኸው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ጠያቂ ቢገኝም የሚሰጠው መልስ «ይህማ ሁሉም የሚያውቀው ነው» የሚል ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ይመስለኛል።

የዛሬው ጽሑፌ በተለይ በየዩኒቨርሲቲው ላላችሁ ተማሪዎች ነው። ማንም ሳያዝዛችሁ፣ ነጥብም ሳታገኙበት፣ በራሳችሁ ተነሣሽነት አንድ የታሪክ ጥናት እንድትጀምሩ ልመክራችሁ እወዳለሁ። ለዚህ የግድ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪ መሆን አያስፈልግም። እኔ ራሴ በ1996 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ሥራ ስጀምር የሕግ ተማሪ ነበርሁ። ምክሬን በባዶው ከማቀርብ ይልቅ የሄድሁበትን መንገድ ባሳያችሁ ይሻላል።

ትውልዴ ጎጃም ነው፤ ከሞጣ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ ነው ያደግሁት። በእኛ ቤት አንድ ዘመን «የግብሩ ጊዜ» እየተባለ ይጠራ ነበር። የጎረቤት ቤት የተሠራው «ከግብሩ ጊዜ በፊት» ነው፤ እገሌ የተወለደው «በግብሩ ማግሥት» ነው። ግብሩ ምን ግብር እንደ ነበረ የጠየቀም፣ የነገረኝም አልነበረም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ለአንድ የክፍል ሥራ የድሮ ነጋሪት ጋዜጣዎችን ሳገላብጥ በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አገኘሁ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈ፣ በአንቀጽ በአንቀጽ የተደረደረ፣ እንደማንኛውም ሕግ ደረቅ የሆነ ጽሑፍ ነው። ያ ወረቀትና አያቴ ምድጃ ዳር የሚያነሡት «የግብሩ ጊዜ» አንድ ነገር መሆናቸውን የተረዳሁ ዕለት ጥናቱ ተጀመረ ማለት ይቻላል።

በጉዳዩ ላይ በታወቀው እንጀምር። አዋጁ ገበሬው ይከፍለው የነበረውን አሥራት በማስቀረት ምርቱ ተገምቶ በገቢው መጠን ግብር እንዲከፍል የሚያደርግ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ከአሥራቱ የተሻለ ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይከፍላልና። የጎጃም ገበሬ ግን ገማች ሲላክበት እምቢ አለ። አመፁ ሞጣን፣ ዳሞትንና ሌሎችንም አውራጃዎች አዳረሰ። መንግሥት ጦር ላከ፤ የአየር ኃይልም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻው ግብሩ ሳይሰበሰብ ቀረ፤ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1950 እስከ 1968 የተከማቸው ውዝፍ ግብርም ተማረ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያለ የሚተርት ሕዝብ ንጉሠ ነገሥቱን አዋጃቸውን እንዲውጡ አደረገ ማለት ነው።

ለመሆኑ የተሻለ ፍትሐዊ የሚመስልን ግብር ድሀ ገበሬ ስለምን በጠመንጃ ይቃወማል? መልሱ ያለው በርስት ሥርዓቱ ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ አለን ሆበን ይህን በሚገባ አስረድቷል። የጎጃም ገበሬ በመሬት ላይ ያለው መብት የሚመነጨው መሬቱን መጀመሪያ ካቀኑት አባት ወይም እናት በመወለዱ ነው። በመሆኑም ርስት የሚጠይቅ ሰው በሽማግሌና በዳኛ ፊት ቆሞ ትውልዱን መቁጠር ነበረበት። ልብ በሉ፤ ያ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እናንተና እኔ ጥናት የምንለውን ሥራ ለእርሻው ሲል ይሠራው ነበር። ምስክር ይጠራል፤ የተቃራኒውን ትውልድ ቆጠራ ይፈትሻል፤ የተዘለለ አያት ካለ ያጋልጣል። ገማች ሲመጣ ታዲያ የታየው ግብር ብቻ አልነበረም። ከግምት በኋላ ልኬት፣ ከልኬት በኋላ ቀላድ ይመጣል ብሎ ሰጋ። ቀላድ የተጣለበት የደቡብ አገር ገበሬ ምን እንደ ደረሰበት፣ ስንቱ ባላገር በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ እንደ ሆነ ያውቅ ነበር።

ይህንን ሁሉ ያገኘሁት በማንበብ ነው። ለጀማሪ የምሰጠው የመጀመሪያው ምክርም ይኸው ነው፤ ሽማግሌ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡ። ስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። በቤተ መጻሕፍቱ ከታተሙት መጻሕፍት ሌላ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ የጻፏቸው ጥናቶች ተሰብስበዋል። እነዚህን ጥናቶች አትናቋቸው። አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ወደ ትውልድ መንደሩ ሄዶ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎችን አነጋግሮ የጻፈው ሠላሳና አርባ ገጽ ሌላ የትም የማይገኝ ቃል ይዞ ይገኛል። ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አለ። የፕሮፌሰር ገብሩ ታረቀ የገበሬዎች አመፅ መጽሐፍ፣ በትግራይ፣ በባሌና በጎጃም የተነሡትን ሦስት አመፆች ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለሚያሳይ፣ የራሴ የምለውን ነገር ከሌላው ወገኔ ነገር ጋር አብሬ እንድመለከት አድርጎኛል። የባሌ ገበሬና የጎጃም ገበሬ በአንድ ዘመን በአንድ መንግሥት ላይ ተነሥተው እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው ዛሬ በሁለቱ መካከል እሳት ሊያነድ ለሚመጣ ተናጋሪ በቀላሉ ጆሮውን አይሰጥም።

ሁለተኛው ምክሬ ጥያቄን ስለ ማጥበብ ነው። «የጎጃም ገበሬዎች አመፅ» የሚለው ርእስ ለአንድ ተማሪ የክረምት ዕረፍትና ለአንድ ተማሪ ኪስ አይመጥንም። የኔ ጥያቄ በመጨረሻ በአንድ መስመር የምትጻፍ ሆነች፦ በእኛ ቀበሌ በ1960 ዓ.ም. ማን ተነሣ፣ ማንስ አልተነሣም? የጥያቄዋን ሁለተኛ ክፍል ልብ በሉልኝ። አብዛኛው የቤተሰብና የአገር ታሪክ የሚተረከው በመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። የሁለተኛው ክፍል መልስ በእጃችሁ የለም፤ ሊያስደስታችሁም ላያስደስታችሁም ይችላል። መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁት ጥያቄ ከሆነ ግን የምትሠሩት ቅስቀሳ እንጂ ጥናት አይደለም።

ቀጥሎ ወረቀት ፍለጋ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ወረቀቱ ከተገኘ ማለት ነው። የትብብር ደብዳቤ ይዤ ወደ አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ሁለት ቀን ከተመላለስሁ በኋላ የንጉሡ ዘመን መዛግብት «ቦታ ስላጣበቡ» ከዓመታት በፊት መወገዳቸው ተነገረኝ። ማን እንዳዘዘ፣ የት እንደ ተጣሉ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ቤት ያገኘሁት ቢኖር ከአንድ ቁምሣጥን ሥር የተረፈ የግብር ደረሰኝ ጉራጅ ነው። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። በማዕከላዊው መንግሥት ዘንድ የተቀመጠው ወረቀት ገማቹ ያየውን ይናገራል፤ የተገመተው ሰው ያየው ደግሞ በሰው አፍ ላይ ነው ያለው። አፍ ደግሞ እንደ ወረቀት በመደርደሪያ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ሽማግሌን ስለ መጠየቅ። በክረምቱ ዕረፍት ደብተር፣ እስክርቢቶና ከጓደኛ የተዋስሁትን ቴፕ ሪከርደር ይዤ ወደ አገሬ ገባሁ። የመጀመሪያው አባት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ስገልጥ ያ ሲስቅ የነበረ ፊት ቅጭም አለ። «ልጄ፣ የምትጽፈው ለማነው?» አሉኝ። የማን ልጅ እንደ ሆንሁ፣ ማን ቤት እንዳደግሁ ያውቃሉ፤ ሆኖም ደብተሩን አላመኑትም። በ1960 ዓ.ም. ወደዚያ ቀዬ ደብተር ይዞ የመጣው ገማች ነበርና! ከእርሳቸው በኋላ ባነጋገርኋቸው በብዙዎቹ ዘንድም ይኸው ፍርሃት ነበር። ስለ አመፁ የሰማሁት የመጀመሪያው ማስረጃ ይህ ጥያቄ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በኋላ ደብተሩን በቦርሳዬ እያስቀመጥሁ፣ መጀመሪያ ስለ አዝመራው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ደብሩ እየተጨዋወትን፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ፈቃዳቸውን ጠይቄ መጻፍ ጀመርሁ። ፈቃድ የከለከሉኝም ነበሩ፤ የእነርሱን ቃል አልጻፍሁም።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። ገበሬ ዘመኑን የሚቆጥረው በነገር ነው፤ «ጣልያን የወጣ ጊዜ»፣ «የደርግ አዋጅ የታወጀ ዓመት» ይላል። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ቤተ ክርስቲያናችን ለየዓመቱ የምትሰጠው የወንጌላዊ ስም ነው። አንድ ሽማግሌ «ገማቾቹ የመጡት በዘመነ ዮሐንስ ነው» አሉኝ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉት። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 1960 ላይ 5500 ሲደመር 7460 ይሆናል፤ ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሽማግሌው ከ36 ዓመት በኋላ ልክ ነበሩ። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ስታነቡ ደግሞ ከዘመን ልወጣ ተጠንቀቁ፤ «1968» የሚለው እንደ ወሩ 1960ም 1961ም ሊሆን ይችላል። ወሩ ካልተጻፈ ሁለቱንም ጽፋችሁ እለፉ።

ሽማግሌ ሁሉ ግን እንዲህ የተጣራ ነገር አይነግራችሁም። ከጣልያን መውጣት በኋላ ከ1934 ጀምሮ በጎጃም ስለ ግብር የተነሣውን ረብሻ፣ በ1937 ዓ.ም. የተሰቀሉትን የበላይ ዘለቀንም ታሪክ ከ1960ው ጋር ቀላቅለው የሚነግሩ አሉ። ይህንን እንደ ስህተት ብቻ አትመልከቱት። ለነርሱ ሁሉም አንድ ረጅም እምቢታ ነው፤ ያም ራሱ ማወቅ የሚገባን ነገር ነው። የእናንተ ሥራ የትኛው ቃል የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ መለየት ነው። «ተዋጋን» የሚልን ሰው «እርስዎ በዚያ ቀን የት ነበሩ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። «እኛ» የነበረው ቃል «እኔ» ሲሆን ታሪኩ ይለወጣል። ሴቶችንም ጠይቁ። ወንዶቹ ስለ ጠመንጃ ብዛት ሲከራከሩ፣ አንዲት እናት ለሸፈቱት ሰዎች ስንት ቀን እንደ ጋገሩ፣ ዱቄቱ ከማን ጎተራ እንደ ወጣ፣ አውሮፕላን ሲመጣ ሕፃናቱ የት ገደል ሥር እንደ ተደበቁ አንድ በአንድ ነግረውኛል። ያ የስንቅ ቆጠራ ከጀብዱው ሁሉ ይልቅ አመፁ በማን ትከሻ ላይ እንደ ቆመ አሳይቶኛል።

እንግዲህ ያቺ «ማንስ አልተነሣም?» የምትለዋ ጥያቄ ወደ አንድ ሸማኔ ቤት አደረሰችኝ። በእኛ አገር ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ርስት አልነበራቸውም፤ ያቀና አባት የላቸውም ተብሎ። በቤተሰቤ ትረካ ውስጥ «አገሩ እንደ አንድ ሰው ተነሣ» ይባላል። እኚያ አባት ግን ሸማቸውን ሳያቋርጡ እየሠሩ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እናንተ ርስታችሁን ነበር የምትጠብቁት። እኛ የምንጠብቀው ምን ነበረን?» የሸፈቱት ሰዎች መዋጮ ብለው የሠሩትን ጋቢ እንደ ወሰዱባቸው፣ መንግሥትን ደግፎ የመጣው ነጭ ለባሽ ደግሞ «ለሽፍታ አለበስህ» ብሎ እንደ ገረፋቸው ነገሩኝ። የመሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ታውጆ መሬት ሲከፋፈል፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው የሆነ እርሻ አገኙ። ባለ ርስቶቹ የቀረባቸውን ሲያለቅሱ እርሳቸው በዚያ ዓመት ጤፍ ዘሩ። መዋጮውን ከሰበሰቡት ሰዎች አንዱ ማን እንደ ነበረም ነገሩኝ፤ የቅርብ ዘመዴ ነው።

ይህ ቃል ቤት ሲሰማ ጥሩ አልሆነም። «የአባትህን አገር ታሪክ ልታዋርድ ነው የተማርኸው?» ያሉኝ አሉ። ቃሉን እንድሰርዝ ሽማግሌ ተላከብኝ። እኔም የሽማግሌዎቹን ክብር ጠብቄ፣ የዘመዴንም የሸማኔውንም ስም ሳልጠቅስ፣ ቃሉን ግን አንድም ሳላጎድል ጻፍሁት። ምክንያቴን ዛሬም ቢሆን እንዲሁ ነው የማስረዳው። የአያቶቼ እምቢታ እውነት ነው፤ እኮራበታለሁ። የሸማኔው ግርፋትም እውነት ነው። አንዱን ለማቆም ሌላውን መቅበር ግድ ከሆነ ያቆምነው ሐውልት እንጂ ታሪክ አይደለም። የምንጮኽበት የፖለቲካ ክርክር ሁሉ መሠረቱ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ አንዱ ወገን እምቢታውን፣ ሌላው ወገን ግርፋቱን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም የያዙት እውነት ስለ ሆነ ማንም ማንንም ማሳመን አይችልም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለቱን አብሮ የሰማ ሰው ግን በአገር ደረጃም ሁለቱን አብሮ ለመስማት ትከሻው ይሰፋል።

ወገኖቼ፣ ጊዜው አጭር ነው። በ1960 ዓ.ም. የ20 ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሰው ዛሬ 80 ዓመቱን ሊደፍን ተቃርቧል ወይም ደፍኗል። እኔ ካነጋገርኋቸው መካከል በሕይወት ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሸማኔው አባትም ካረፉ ቆይተዋል። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነትና በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ውጊያ ያስተማሩን ነገር ቢኖር ጦርነት ሰውንም መዝገብንም እንደማይምር ነው። መንገድ የተዘጋበት ተማሪ «ሰላም ሲሆን እጀምራለሁ» ይል ይሆናል። እኔ ግን የምለው ዛሬ ባለህበት ጀምር ነው። ከጦርነትና ከችግር ሸሽቶ ከተማ የገባ አረጋዊ በየሰፈሩ አለ፤ አያትህ ከስልኩ ማዶ አሉ። እኔ ቴፕ ለመዋስ ደጅ የጠናሁበትን ሥራ ዛሬ በኪስህ የያዝኸው የእጅ ስልክ ይሠራዋል። የቀዳኸውን በሁለት ቦታ አስቀምጥ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ፈቃድ ጻፍ፤ ለነፍሱ የሚያሰጋው ከሆነ ስሙን ሰውር። ስትጨርስ አንድ ቅጂ ለተናጋሪው ቤተሰብ፣ አንዱን ደግሞ ለቤተ መጻሕፍት ስጥ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው በዚህ ዓይነት ነው የሚፈጸመው።

ታላላቅ የታሪክ መጻሕፍትን ሊቃውንት ይጻፉልን፤ ከእነርሱም እንማር። ነገር ግን የአንድን ቀበሌ የአንድ ዓመት ታሪክ ከአንድ ተማሪ በቀር የሚጽፈው የለም። ያን ያደረገ ወጣት ከዚያ ወዲያ በአደባባይ «ሁሉም የሚያውቀው ነው» የሚል ተናጋሪ ሲያጋጥመው ዝም ብሎ አያጨበጭብም። «ማንን ጠየቅህ?» ይለዋል። አገራችን ዛሬ ከምንም በላይ የሚያስፈልጋት እንዲህ ብለው የሚጠይቁ ልጆች ናቸው።

ቸር እንሰንብት።